ሙድ የያዘብን በሽታ

ልጄ ስትስቅ እፈራለሁ። ሌላው ወላጅ ልጁ ስታለቅስ ይደነግጣል፤ እኔ ለቅሶዋንስ ለምጄዋለሁ። ሳቋ ከመኝታ ቤቷ ሲመጣ ግን የያዝኩትን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። ቶሎ ካበቃ ተመስገን ብዬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ከረዘመ ጆሮዬን በሯ ላይ ለጥፌ እቆማለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ!

እባቡን ያየሁት ካምፓላ በወረርሽኙ የተዘጋች ጊዜ ነው። ኪዋቱሌ በሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ባለ ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን፤ አባቷ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ በረራ ሲቆም እዚያው ቀረ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤቷ ሲዘጋ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ አልወጣም አለች። ፀጉሯን አትታጠብም፣ ያቀረብኩላት ምግብ እንደ ተከደነ ይመለሳል፣ "ምን ሆንሽ?" ስላት "ምንም" ትላለች። ከዚያ አንድ ቀን ተነሳች። ቤቱን ወለወለች፣ ዘፈነች፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠላች፣ ሬስቶራንት እከፍታለሁ ብላ ያለንን ዱቄት ሁሉ አቡክታ ጋግራ ለጎረቤት አደለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው እየሳቀች ነው። እኔም ልጄ ተመለሰችልኝ ብዬ ለአባቷ እልል እያልኩ ደወልኩ። ብዙም ሳይቆይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በረንዳው ብረት ላይ ወጥታ ቆማ አገኘኋት። ወደ እኔ ዞራ "እማዬ፣ እኔ እኮ አልወድቅም!" እያለች ትስቃለች። ቀሚሷን ጨምድጄ ስጎትታት፣ አብረን ወለሉ ላይ ስንወድቅ እንኳ ሳቋ አልቆመም። እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለው ያ ሳቅ ነው።

ናጉሩ ኮረብታ ላይ ያለች አንዲት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ዑጋንዳዊት ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ። ብዙ ከጠየቀችን በኋላ በእንግሊዝኛ "የልጅዎ ችግር የሙድ ነው" አለችኝ።

እንግሊዝኛ አላጣሁም፤ መሥሪያ ቤቴ የምውለው በእንግሊዝኛ ነው። ፍርሃት ግን ሰውን ወደ እናቱ ቋንቋ ይመልሰዋል መሰለኝ። ሙድ ስትል የታየኝ የአዲስ አበባው ሙድ ነው፤ ጎረምሶች መንገድ ዳር ቆመው በአላፊ አግዳሚው የሚይዙት፣ በድሮው አማርኛ ፌዝ የምንለው። ቱግ አልኩ። "ልጄ ጨዋ ናት! በሰው ሙድ ይዛ አታውቅም!" አልኳት፣ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሼ። ሐኪሟ ግራ ገብቷት አየችኝ። ልጄ ደግሞ ካቀረቀረችበት ቀና ብላ ሳቀች። አጭር ሳቅ ነበር። እኔ ግን ወንበሬን አስጠግቼ እጇን ጨበጥኩት፤ መስኮቱ ክፍት ነበር።

ሐኪሟ ታግሳ አስረዳችኝ። ሙድ ያለችው ስሜትን ነው፤ ሐዘኑም ደስታውም ልክ የሚያጣበት ሕመም ነው፤ ኪኒን አለው፣ ክትትል አለው፤ እንቅልፍ አጥታ መሳቅ ከጀመረች ግን ውለው ሳያድሩ ያምጧት አለችኝ። ስንመለስ ልጄ "እማዬ፣ እኔ በሰው ሙድ አልይዝም፤ በሽታው ነው ሙድ የያዘብኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የበሽታው ስም በቤታችን ይኸው ሆነ። ሲብስባት "ዛሬ ሙድ እየያዘብኝ ነው" ትለኛለች፤ እኔም የበረንዳውን በር ቆልፌ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ እከታለሁ።

በዓመቱ ከተማዋ እንደገና ተዘጋች። ያን ጊዜ ኪኒኑ ይዞላት፣ እንቅልፏ ተስተካክሎ፣ ማንበብ ጀምራ ነበር። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሬ ላይ ተጥጄ በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ቆየሁ። ከክፍሌ ስወጣ ቤቱ ጭጭ ብሏል። አልጋዋ ተነጥፏል፣ ስልኳ ትራሱ ላይ ነው። ይህች ልጅ ሽንት ቤት እንኳ ስልኳን ይዛ ነው የምትገባው። ክው አልኩ። አልጋዋን አንጥፋ፣ ስልኳን ትታ የምትሄድ ልጅ ምን ልታደርግ ነው የምትሄደው? የበረንዳውን በር ከፍቼ ቁልቁል ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ። እንደ ምንም አየሁ፤ የተሰጣ ልብስ ብቻ ነው ያለው።

ማስኬን ረስቼ፣ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ቦዳ የሚሏቸው ባለ ሞተር ብስክሌቶች ሰው መጫን ተከልክለው ሽንኩርትና ማቶኬ ጭነው ያልፋሉ። ላንዱ እጄን ባወዛውዝ "ሰው አልጭንም ማማ" ብሎኝ ሄደ። እየሮጥኩ እመቤቴ ማርያምን እለምናለሁ፣ ደግሞ ልጄን እቆጣለሁ። "ብቻ ላግኝሽ፣ እኔው ነኝ የምገድልሽ!" አልኩና ያልኩት ነገር አስደንግጦኝ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ከማየቴ በፊት ሳቋን ሰማሁት። መታጠፊያው ላይ ሮሌክስ የሚሸጥ፣ እንቁላል በቻፓቲ ቂጣ እየጠቀለለ የሚሰጥ ሰውዬ አለ። ከምጣዱ አጠገብ ቆማ፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ጮክ ብላ ትስቃለች። ሳቁ ረጅም ነው። ተመልሶ መጣ፣ አልኩ በልቤ።

"ምንድን ነው የሚያስቅሽ?" አልኳት ትከሻዋን ይዤ። "ትናንት ተኝተሻል? እውነቱን ንገሪኝ፣ ተኝተሻል?"

"እማዬ! የማቶኬውን ነገር እየነገርኩት ነው እኮ! ስብሰባ ላይ ስለነበርሽ ላልረብሽሽ ብዬ ነው ዝም ብዬ የወጣሁት። ስልኬን ረሳሁት።"

ካምፓላ የመጣን ሰሞን አረንጓዴውን ማቶኬ ያገራችን ሙዝ መስሎኝ ገዝቼ፣ እስኪበስል ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከልብስ ጋር አፍኜው ከርሜ ነበር። ሰውዬው እኔን ሲያይ ሳቁ አገረሸበት። "ኛቦ" አለኝ፣ እመቤቴ ማለቱ ነው፤ "ማቶኬ እኮ ይቀቀላል!"

"ሙድ አልያዘብኝም" አለች ልጄ ፊቴን እያየች። "እኔ ነኝ ባንቺ ሙድ የያዝኩት።"

ማመን ፈለግሁ። ግን በረንዳው ላይም እንዲሁ እርግጠኛ ሆና ነበር አልወድቅም ያለችኝ። ዓይኗን አየሁ፣ እጆቿን አየሁ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ዘረጋችልኝ።

"ያንቺ ነው። ያለ እንቁላል ነው ያሠራሁት፤ ዛሬ እሮብ ነው።"

ባዶ ቻፓቲ ነበር። ሲነሳባት ጾሙና ፍስኩ፣ ቀኑና ሌሊቱ ይምታታባት የነበረች ልጅ ጾሜን አስታውሳልኛለች። እዚያው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጎረስኩ። ከዚያ እኔንም ሳቅ ያዘኝ፤ በቁም ሳጥኑ ማቶኬ፣ በነጠላ ጫማዬ፣ በራሴ ሳቅሁ። እሷ ግን ሳቋን አቁማ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

"እማዬ፣ የምትፈሪው አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?" አለችኝ። "እኔም እኮ ስስቅ እፈራለሁ። ይሄ የኔ ሳቅ ነው ወይስ የበሽታው እላለሁ።"

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። "የአሁኑስ?" አልኳት።

"የኔ ይመስለኛል" አለች። ዓይኗን ግን ከፊቴ አልነቀለችም፤ እንድነግራት ትጠብቅ ነበር።