የዋንዛው ሰደፍ

ያሳደጉኝ አጎቴ ሆጤ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የጠመንጃ ሰደፍ ይሠሩ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ እንጨት ከመምረጣቸው በፊት ጠመንጃውን አስይዘው፣ «ዓይንህን ጨፍንና ጉንጭህን አስደግፍ» ይሉታል። «ሰደፍ ነው ለሰው የሚታረቀው፤ ሰው ለሰደፍ አይጎብጥም» የምትል አባባል ነበረቻቸው።

በደርግ ጊዜ የአክስቴ ልጅ ሰዒድ የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂ ሆኖ ሊዘምት ሲል፣ ሰደፉ የተሰነጠቀ አሮጌ ምንሽር ይዞ ከኮምቦልቻ መጣ። አጎቴ ትከሻውን ዳሰሱ፤ ክንዱን ለኩ፤ አንገቱን ቀና አደረጉለት። እኔን እንዲያ አስተውለው አይተውኝ አያውቁም። ከዚያ ለሠርጌ ሳጥን ብለው ጣሪያ ሥር ያደረቁትን ዋንዛ አወረዱ።

«አጎቴ፣ እሱ የኔ አይደለም ወይ? ለሱ ወይራ አለልዎት» አልኳቸው።

«ወይራ ጠንካራ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ ትከሻ ይቀጠቅጣል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ቶሎም አይሰነጠቅም። ልጄ፣ ያንቺ ሳጥን ቢሰነጠቅ ልብስሽ ይታያል። የሱ ሰደፍ ቢሰነጠቅ ግን፣ ወላሂ፣ መርዶው ነው የሚመጣልን።»

እውነታቸውን ነበር። ሰዒድ በደህና ተመለሰ፤ እኔም በቆርቆሮ ሳጥን ተዳርኩ። ቅናቱ ግን አልወጣልኝም።

ዘንድሮ አላህ ወሰዳቸው። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ የሟች ልጅ እየመሰለው ሰዒድን ሲያጽናና ዋለ። ለቀስተኛው ሲበተን ይሠሩባት ወደነበረችው ክፍል ገባሁ። እሳቸው የሚቆሙበት መሬት ጎድጉዶ ቀርቷል። ሰዒድ ተከትሎኝ ገባና፣ «እህቴ፣ መላጊያቸውን ለማስታወሻ ስጪኝ» አለኝ።

«አልሰጥህም» አልኩት።

እንጨት መላግ አልችልም። ግን ይቺ እንኳ የኔ ትሁን።