ጥሩምባው ለወንድሜ ልጅ የተነፋ ቀን

የእኛ መንደር ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ክርስቲያን ሙስሊሙን አንድ ላይ ሆኖ ይቀብራል። ለታመመ ሰው ግን ከካዝናው አያወጣም፤ ገንዘቡ የሟች ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። የወንድሜ ልጅ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ሲያቆሙ አባቷ ከራሱ አንዱን ሊሰጣት ተመርምሮ ይሆናል ተባለ። የቀረው የአዲስ አበባው ሕክምና ወጪ ነበር። ሐይቅ ገበያ ሱቅ ለሱቅ ዞርን፣ በመስጊዱም በቤተክርስቲያኑም ተለመነልን፣ ወንድሜም በሬዎቹን ሸጠ። አልሞላም። ልጅቷ ደግሞ ፊቷ በየቀኑ እያበጠ ነው።

የቅሬውን ዳኛ ሄጄ ጨቀጨቅሁት። ምላሷ አያሳርፍም ይሉኛል፤ ያን ጊዜ በጀኝ። ሲሰለቸው፣ እሺ፣ ሰውን ወንድምሽ ቤት ለምክክር ልጥራና ራሱ ይወስን አለኝ።

በማግስቱ ለፋፊው ጥሩምባውን ነፋ። ምን ያድርግ፣ ሌላ መጥሪያ የለው። እኛ ዘንድ ግን ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ልጅቷ መታመሟን አገር ያውቃል። የወንድሜ ስም ሲጠራ የሰማ ሁሉ ቀሪውን ሳያዳምጥ ወጣ።

እኔ ወንድሜ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ሞተች ብዬ ልብሱን ጥዬ ሮጥሁ። ስገባ ልጅቷ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ትጎነጉናለች። ደጅ ላይ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቃሉ፤ ወጣቶቹ ዶማና አካፋ ተሸክመዋል። ተነስታ በሩ ላይ ስትቆም ለቅሶው ቀጥ አለ።

«ለእኔ ነው የምታለቅሱት?» አለች።

ያን ያህል መታመሟን ደብቀናት ነበር። እኔ በንዴት፣ ግቡና በቁሟ ቅበሯት ብዬ ጮኽሁባቸው። ዳኛው ከዘራውን ተደግፎ ወደ ፊት ወጣና ተናገረ።

«ቅሬው ወጥቷል፣ አልቅሷልም። ቅሬው ወጥቶ ካለቀሰ ይከፈል ነው ደንቡ የሚለው። የቀብሯ ገንዘብ ይሰጣት።»

ወንድሜ ሟርት ነው፣ እጄ አይነካውም ብሎ እምቢ አለ። እኔም አንጀቴ አርሮ ከእሱ ጎን ቆምኩ። ተቀበል ያለችው ራሷ ልጅቷ ናት። የቀብር ገንዘብ ምን ያህል ነው፤ አይበቃም ነበር። ያን ጊዜ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ፣ ዶማ የያዙትም ኪሳቸውን ዳበሱ። መሞቷን ሰምተው ከአርዲቦ የመጡ ዘመዶችም እንዲሁ ሰጥተው ተመለሱ። ሞላ።

አሁን አልሃምዱሊላህ፣ ወንድሜ በሰው በሬ፣ በአንዱ ኩላሊት ያርሳል፣ እሷም በአንዱ ትማራለች። የሚያጣላን አንድ ነገር ነው። ሐኪሞቹ በሽታ ቶሎ ይይዛታል ብለው ሰው የተሰበሰበበት እንዳትሄድ አስጠንቅቀዋታል። እሷ ግን ጥሩምባ ሲነፋ ማስኳን አጥልቃ ከሁላችን ትቀድማለች። በቀደም በሩ ላይ ቆሜ ተቆጣኋት፤ አንቺ ብትቀሪ ማንም አይቀየምሽም አልኳት።

«እኔ ስሞት እኮ አንድም ሰው አልቀረም፣ አክስቴ» አለችኝ።

ነጠላዬን አነሳሁና አብሬያት ወጣሁ።