የኮምቦልቻ ፀሐይ በጆንያ

ልጄ ልጇን በረዶ መካከል አውጥታ አስተኛችው። ኖርዌይ በመጣሁ ሰሞን ነው። ምሳውን አብልታ፣ ኮፍያ በኮፍያ ደርባ፣ የሱፍ ካልሲ አጥልቃለት ጋሪው ውስጥ ከተተችውና እየገፋች ወደ በረንዳው ወጣች፤ ዛፉ ነጭ፣ ጣሪያው ነጭ፣ አየሩ ጆሮ የሚቆርጥ፤ እሷ ግን ባዶ እጇን ተመልሳ በሩን ዘጋችና ሰሃን ማጠብ ጀመረች። ክው ብዬ ቀረሁ። ልጁን ውጪ ረሳሽው እኮ ብላት ሳቀችብኝ፤ እዚህ አገር ሕፃን ሁሉ ቀን ቀን እንዲህ ነው የሚተኛው፣ ቀዝቃዛ አየር ሳንባ ያጠነክራል አለችኝ። በስመ አብ ብዬ አማተብኩና ነጠላዬን ተከናንቤ ልሰርቀው ወጣሁ፤ እናቱ እያለች ከመስረቅ በቀር ሌላ ምን ይባላል። ጎንበስ ብዬ ጉንጩን ስዳስስ ግን ከሥሩ የተነጠፈለት የበግ አጎዛ ሸተተኝ፤ ያ ቆዳ ቆዳ፣ ስብ ስብ የሚል የሞቀ ሽታ። ያ ሽታ አንሥቶ ደሴ ጣለኝ።

ደሴን ያኔ ጣልያን ይዟታል። አባቴ ዘምቶ አልተመለሰም፤ ቦሩ ሜዳ የነበረችው ጎጇችንም በጦርነቱ ተቃጥላለች። እናቴ እኔንና ገና ድክ ድክ የሚለውን ወንድሜን ተስፋዬን ይዛ ከተማ ገባች፤ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ አሁን ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር የነጋዴ ዕቃ ቤት የነበረች አንዲት ክፍል ለምኖ አስገባን። ቆርቆሮ ክዳን፣ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ፣ ከመዳፍ ብዙም የማትሰፋ መስኮት። ላየን ሰው ከጎጆ ወደ ቤት ያደግን እንመስላለን። የጎጆ ሰው ግን ቆርቆሮ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ታኅሣሥ ሲገባ ነው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣሪያችን ላይ ያድርና ሊነጋጋ ሲል ጠብታ እየሆነ ፊታችን ላይ ይወርዳል። ተስፋዬ ይስላል፤ ደረቱ እንደ አሮጌ ወናፍ ሲር ሲር ይላል፤ እናቴ እግሮቹን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ጣቶቹን በትንፋሽዋ እያሞቀች ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታነጋዋለች። በዚያ ብርድ ከሰፈራችን የወጡትን ትንንሽ ሬሳዎች በዓይኗ አይታለች። ስለዚህ ጸሎቷም፣ ሥራዋም፣ ሐሳቧም ተጠቅልሎ አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ነበር፤ ተስፋዬ ሞቆት ይደር።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩ ረጅም ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ምላሳቸውም እንደ እንዝርታቸው ሾል ያለ ነው። ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት ሲነሡ ለውዱ የሚታጠቡበት ውሃ ከግድግዳችን ሥር ሲንፏፏ ይሰማል፤ ተስፋዬም ያንን ድምፅ ሲሰማ ነቅቶ ጡት ፍለጋ ይጮሃል፤ እሳቸው ከወዲያ ማዶ፣ ሙአዚኔ ተነሣ እያሉ ይስቃሉ። የክርስቲያን ልጅ ሙአዚን፣ የመስጊድ አዛን ጠሪ፣ መባሉ እናቴን ይከነክናት ነበር መሰለኝ፣ በነጋታው ማተቡን አጥብቃ ስታስርለት አያታለሁ። እትዬ ዘሀራን ግን ትወዳቸዋለች። የእነሱን ሥጋ አንበላም፣ የእኛን አይበሉም፤ ሽሮና እሳት ግን ቀኑን ሙሉ ከበር በር ይመላለስ ነበር።

አጎቴ ኮምቦልቻ ወርዶ የመንገድ ሥራ ገብቶ ነበር። ኮምቦልቻ ቆላ ነው፤ ሰው በታኅሣሥ ደረቱን ገልጦ ይተኛል እየተባለ ሲወራ እኛ ተረት ይመስለን ነበር። ያ ደግ ሰው የልጁን ሳል ሰምቶ በካሚዮን አንድ ጆንያ የግራር ከሰል ላከልን፤ ከነመልእክቱ፦ የኮምቦልቻን ፀሐይ በጆንያ ልኬላችኋለሁ። እኛ የምናውቀው እንጨት ነው። በጎጇችን እሳቱ መሀል ቤት ይነድዳል፣ ዓይናችን ያለቅሳል፣ ጭሱ በሣር ክዳኑ ውስጥ እየሾለከ ይወጣል። እናቴ ከሰሉን በተሰበረ ጋን ቂጥ ላይ አቀጣጥላ ቀይ ፍም ሆኖ ያለ ጭስ ሲቀመጥ ስታይ እንባዋ መጣ፤ የልጇን ደረት ያሳመመው ጭስ ነው ብላ ታምን ነበርና ፈውስ በጆንያ የመጣላት መሰላት።

የገብርኤል ዋዜማ ነው። ቀኑን ሙሉ ብርድ የሚገባባትን ቀዳዳ ስትፈልግ ዋለች፤ መስኮቷን በአሮጌ ቀሚስ ወተፈች፣ ቆርቆሮው ከግድግዳው የሚገናኝበትን ስንጥቅ በጭቃና በእበት መረገች። ጠንቃቃ ሴት ነበረች፤ አንድም አላለፋት። የበሩ ሥር ብቻ ጨርቅ አልበቃ ብሏት ቀረ። ወደ ማታ እትዬ ዘሀራ እሳት ሊጭሩ መጥተው ፍሙንም የተወተፈውንም አዩና እደጃፉ ላይ ቆሙ።

«አስካለ፣ ጭስ የሌለው እሳት የጅን ነው። ዘግተሽ አብረሽው አትደሪ።»

እናቴ ጅን ሲባል በልቧ አማተበች፤ በአፏ ግን በአክብሮት፣ «እትዬ፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን ያወጣ ገብርኤል አለ» አለች።

«እነሱንስ ንጉሥ ነው የከተታቸው፤ አንቺ በገዛ እጅሽ ልትገቢ ነው» አሉና እሳታቸውን ጭረው ሄዱ።

እናቴ ፈገግ ብላ በሩን ቀረቀረች። ተስፋዬን ከፍሙ አጠገብ፣ ራሷን ከእሱ ቀጥላ፣ እኔን በሩ ሥር ሰሌን ላይ አስተኛች። እኔ እንዴት እንደቀናሁ! ወንድሜ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ እንደ ጌታ ተዘርግቷል፤ በበሩ ሥር የሚገባው ብርድ ግን የእኔን አፍንጫ መርጦ ይቆረጥማል፤ ሴት ልጅ ሆኖ መፈጠር ይኼ ነው ብዬ አኮረፍኩ። ከዚያ ሳሉ ጠፋ። ዛሬም ሳስበው የሚያንዘፈዝፈኝ ይህ ነው፤ ሳሉ ሲጠፋ እናቴ በጨለማው ውስጥ ተመስገን ስትል ሰማኋት፣ እኔም ተመስገን አልኩ። ያንን ዝምታ አመሰገንነው።

የእትዬ ዘሀራን የውዱ ውሃ ድምፅ በሕልሜ ሰማሁት። ተስፋዬ ግን አልጮኸም። ከዚያ ግድግዳው ተመታ፣ ከዚያ በሩ፤ እትዬ ዘሀራ ሙአዚናቸው ሳይጮህ ሲቀር ሶላታቸውን ሳይጀምሩ ነው የመጡት። «አላችሁ?» ይላሉ፤ «አስካለ፣ አላችሁ?» አለን ልል ፈለግሁ፣ ምላሴ አልታዘዝ አለ። ራሴ ወፍጮ ድንጋይ ሆኗል። እንዴት እንደ ዳህኩ አላውቅም፤ መቀርቀሪያውን በትከሻዬ ገፋሁት መሰለኝ፣ በሩ ተከፈተና ብርዱ እንደ ጥፊ አጮለኝ።

እትዬ ዘሀራ ተራምደውኝ ገቡ። ተስፋዬን እንደ እርጥብ ጨርቅ አንጠልጥለው ወጡና ልብሱን ከላዩ ገፈው፣ ውርጭ ባነጣው ሣር ላይ ራቁቱን አጋደሙት፤ የውዱአቸውንም ውሃ ፊቱ ላይ ቸለሱበት። ስንት ሌሊት በብብት የሞቀውን ልጅ! እናቴ እያስመለሳት በአራት እግሯ ስትወጣ ያየችው ይህንን ነው። «በብርድ ገደሉብኝ፣ እትዬ» አለች። በዚያች ሰዓት እንኳ አንቱታዋን አልተወችም። እትዬ ዘሀራ ዘወር ብለው አላዩአትም፤ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እያሉ ደረቱን ያሹታል። ያ ትንሽ አካል ሰማያዊ መስሎ፣ ማተቡ ብቻ ጥቁር ሆኖ ይታየኛል። ከዚያ ከአፉ ነጭ እንፋሎት ብን አለ። ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ እንደገና ብን አለ፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። እትዬ ዘሀራ መሬት ላይ ዘጭ ብለው፣ «ሶላቴን አሳለፈኝ፣ ይኼ ሙአዚን» አሉና እሳቸውም አለቀሱ።

ለገና ከቦሩ ሜዳ ዘመድ የላከልንን በግ እናቴ አልነካችውም። ከዚያ ሁሉ ጾም በኋላ በሽሮ እየፈሰክን፣ በጉን ከነነፍሱ ጎትታ ለእትዬ ዘሀራ ሰጠች፤ በእጃቸው አርደው እንዲበሉ ነው። ልጄ ቢተርፍልኝ ብዬ የተሳልኩት ለገብርኤል ነበር ብትላቸው፣ እኛም ጂብሪል እንላቸዋለን፣ ተቀብለዋል በዪ አሏት። ቆዳውን ግን አልፍተው አጎዛ አድርገው ለተስፋዬ አመጡለት። እናቴ ለጥንቃቄ ጠበል ረጨችበትና አነጠፈችለት፤ በዚያ ላይ አደገ። በሯን ከዚያ ወዲያ ጨርሳ ዘግታ አድራ አታውቅም፤ በውርጭም ቢሆን ጣት የምታስገባ ክፍተት በድንጋይ ትደግፋለች። በዚያችም ክፍተት በየንጋቱ «አላችሁ?» የሚል ድምፅ ይገባል፣ እናቴም ከአንሶላዋ ሥር «አለን፣ እትዬ» ትላለች።

እናቴም እትዬ ዘሀራም ካረፉ ቆይተዋል። ተስፋዬ ጎልምሶ ኮምቦልቻ ወርዶ ቤት ሠራ፤ ብርድ በቃኝ ይል ነበር። ስልክ ሲደውልልኝ ሃሎ አይልም፤ «አላችሁ?» ነው የሚለው። ባለፈው ጾመ ነቢያት እሱም አረፈ። የልጄ ቤት ሞቃት ነው፤ ሦስት እጥፍ መስታወት አለው፣ ስንጥቅ የሚባል አይገኝበትም፤ ከግድግዳው ወዲያ የሚኖረውን ሰው ግን ስሙን አናውቀውም። እኛ ዝም ብንል ማን እንደሚሰማ እንጃ።

ልጁን አልሰረቅሁትም። ወንበር ስቤ ከጋሪው አጠገብ በነጠላዬ ተቀመጥኩ፤ ልጄ በመስታወቱ እያየችኝ ራሷን ትነቀንቃለች። ጎንበስ ብዬ፣ አለህ? አልኩት። ከኮፍያው ሥር ነጭ እንፋሎት ብን አለ።