ጾም የማያውቅ ክኒን

አዲስ አበባ የምኖረው ኮምፒውተር ላይ ሞለኪውል እየጎረጎርሁ ነው። የወባ ተሕዋስ ያለ እሱ መኖር የማይችለውን ፕሮቲን ምስል እከፍታለሁ፤ የፕሮቲኑን ጎድጓዳ አይቼ በልኩ የሚገባ ሞለኪውል እቀርጻለሁ። ጎድጓዳው ብዙ ጊዜ ቅባት ወዳድ ነው። እኛም ቅባት የሚመስል ክንድ እንቀጥልለታለን፤ ሲገጥም እናጨበጭባለን። ሞለኪውሉ በዚያው ውሃ ጠል ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ክኒን በባዶ ሆድ የዋጠ ሰው አብዛኛው መድኃኒት ወደ ደሙ ሳይገባ አልፎ ይሄድበታል፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸ ነው። ለዚህ ሁሉ ያገኘነው መላ "ከወተት ጋር ይወሰድ" ማለት ነው። ማናችንም በላሙ በታወቀ በፎገራ ወተት የማይቀመስበት ወር መኖሩን አላሰብንም።

ባለፈው ጥቅምት አባቴ በወባ ታመሙ ተብዬ እዚያው ፎገራ፣ ወረታ ገባሁ። የሩዙ ማሳ ገና ውሃ እንደያዘ ነው፤ ጎረቤታችን መሪጌታም በዚያው በሽታ ተኝተዋል። ቄሱ አባቴ ክኒናቸውን ጨርሰው ነበር፤ ትኩሳቱ ግን ተመልሶባቸዋል።

"በምን ዋጡት?" አልኋቸው።

"በውሃ ነዋ። የጤና ጣቢያዋ ልጅ ወተት ጠጥተው ይዋጡት አለችኝ። በጽጌ ጾም ወተት ልጠጣ?"

ለምእመኑ ሁሉ "ለታመመ ጾም የለም" ብለው የሚፈቱ ሰው ናቸው፤ ለራሳቸው ሲሆን ግን ቀኖናው ይጠብቅባቸዋል። ተናደድሁ። ዓይናቸው ቢጫ መስሎ ሳየው ደግሞ ፈራሁ። ያን ጊዜ የተማረ ሰው እንደሚያደርገው አልጋቸው ላይ ተቀምጬ ስለ ክንዱና ስለ ጎድጓዳው አስተማርኋቸው።

"እንግዲያ ጾም የማያውቅ መድኃኒት ነዋ የሠራችሁ" አሉ።

"እሱ ቅባት ብቻ ነው የሚያውቅ፤ ከላም ይምጣ ከኑግ ግድ የለውም።"

"ኑግማ የጾም ነው። ይችን ለማለት ነው ይኸን ሁሉ የዞርህ?"

ጤና ጣቢያው እንደገና መድኃኒት ሰጣቸው። ማለዳ መብላቱን እያጉረመረሙ ተቀበሉ፤ ሩዝ በኑግ ዘይት ተለውሶ ቀረበላቸው፣ ክኒኑ ተከተለ። ትኩሳቱ ለቀቃቸው። እኔም ስልኬን አውጥቼ ድሌን ለባልደረቦቼ መጻፍ ጀመርሁ። ቀና ስል አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ የኑጉን ዘይት ጠርሙስ ይዘው ከደጅ ሊወጡ ነው።

"ወዴት ነው አባ?"

"መሪጌታ ዘንድ። እሳቸውም በውሃ ነው የሚውጡት። አንተ ትሄዳለህ ብየ ነበር የጠበቅሁ።"