ማን ከለከለሽ የሚባለው ውሻ

እኛ አገር የውሻ ስም ለውሻው አይወጣም፤ ለጎረቤት ነው የሚወጣው። ሰው ፊት ለፊት ሊናገር ያፈረውን ነገር የውሻው ስም ያደርግና ጠዋት ማታ ይጣራል። የሚመለከተው ሰው ይሰማል። ቢቆጣም «ምነው፣ ውሻዬን ጠራሁ እንጂ አንተን ምን አልኩህ?» ይባላል፣ አለቀ። ከተማችን መርሳ ውስጥ «ቀን አለው» የሚባል ውሻ አውቃለሁ፤ «ሰምቻለሁ» የሚባልም አውቃለሁ። አንዲት አማት ደግሞ «አይቼ ዝም» የሚባል ቡችላ ነበራት፤ ምራቷ ያንን ስም በሰማች ቁጥር ወጡ ላይ ጨው ታበዛ ነበር።

የእኔ ውሻ «ተራዬ ነው» ይባላል።

ስሙ የወጣው ለታላቅ ወንድሜ ነው። እኔና እሱ ከአባታችን የወረስነውን መሬት ለሁለት ተካፍለን መርሳ ጫፍ ላይ አጥር ለአጥር እንኖራለን፤ እሱ ብርቱካን አለው፣ እኔ ማንጎና ፓፓያ። የመስኖው ውሃ በተራ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ወር፣ በእኔ ተራ ቦዩን ወደሱ መለሰውና የፓፓያ ችግኜ በሙሉ ደርቆ ቀረ። ሄጄ «ተራዬ ነው» ስለው «ውይ፣ ረስቼው» አለኝ። እዚያው ቦይ ዳር ቁጭ ብሎ፣ በእኔ ውሃ እግሩን እየታጠበ። እኔ ደግሞ ስቆጣ አፌ ፍሬን የለውም። ያን ቀን የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም። ከዚያ ወዲህ ተዘጋጋን።

በዚያው ሰሞን የሰፈራችን አንዲት ውሻ ወልዳ ስለነበር አንዱን ቡችላ ወሰድኩና «ተራዬ ነው» አልኩት። ሳምንት ሳይሞላ ወንድሜም ከዚያችው እናት ሌላውን ወሰደ። ማን ብሎ ቢሰይመው ጥሩ ነው? «ማን ከለከለሽ»። ልብ በሉ፣ ውሻው ወንድ ነው። ወንድ ውሻ «ከለከለሽ» ሲባል ነገሩ ለማን እንደሆነ ለመርሳ ሰው ማስረዳት አያሻም። እኔ ጎህ ሲቀድ ደጅ ወጥቼ «ተራዬ ነው» ብዬ እጣራለሁ፤ ከአጥሩ ማዶ «ማን ከለከለሽ» ይመጣል። አንዳንድ ቀን ውሾቹ ተኝተው እኛ ብቻ እንጣራ ነበር። የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ ከደጃችን ሲደርሱ ቀስ ይሉ ነበር።

የውሻ ማኅበራችን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከወልድያ አንድ የእንስሳት ሐኪም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊሰጥ መጣና የእኔን ውሻ ወግቶ ሲያበቃ ጅራቱን ትኩር ብሎ ያይ ጀመር። ጅራቱ ጀርባው ላይ ተጠምዝዞ ወደ ቀኝ ይተኛል፤ ደረቱ ሰፊ፣ መልኩ ዳማ ነው። ሐኪሙ ይህ የወረዳችን የሀብሩ የቆላ ዘር መሆኑን፣ ዝንጀሮ እንደማይፈራ፣ ከየከተማው ከሚመጣው ውሻ ጋር እየተደባለቀ እየጠፋ መሆኑን ነገረን። ሰውየው ሲናገር ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረውም። እኔ በበኩሌ ውሻዬ ዘር እንዳለው የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

እንዲህ ሆኖ የጥምዝ ጅራት ወዳጆች ማኅበር ተቋቋመ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ አንዴ መርሳ፣ አንዴ ግራና፣ አንዴ ወልድያ እንሰበሰባለን። የአገሩ ሰው ግን «የውሻ ዕድር» ነው የሚለን። «ውሻ ሲሞት ድንኳን ትጥላላችሁ?» እያሉ ያሾፉብናል። ያሹፉ። ሰው ለኳስ ይሰበሰብ የለ?

የማኅበራችን ዳኛ የግራናው ሐጂ ናቸው። ማሽላቸውን ከዝንጀሮ የሚጠብቅላቸው «ሶብር» የሚባል ጥምዝ አላቸው፤ ሶብር ማለት ትዕግሥት ነው። እሳቸው «ለሚስቴ ነው ያወጣሁት» ይላሉ፤ ሚስታቸው ደግሞ «ለራሱ ነው» ይላሉ አሉ። ሐጂ ውሻውን በእጃቸው አይነኩም። «ሰብል ለመጠበቅ ተፈቅዷል፣ ምራቁ ግን ነጃሳ ነው» ይሉና የገመዱን ጫፍ ዱላቸው ላይ አስረው፣ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ሁለት ክንድ ርቀው ይመጣሉ። እንዲህም ሆኖ ከእሳቸው በላይ ውሻ የሚወድ ሰው አላየሁም።

ፍርዳቸው ደግሞ አያዳላም። አንዴ ከሐራ አንድ ሰው ጅራቱ ግጥም ብሎ የተጠመዘዘ ውሻ ይዞ ለአባልነት መጣ። ሁላችንም አደነቅን። ሐጂ ግን «ትንሽ እንቆይ» አሉ። ሻይ ጠጣን፣ ወሬ አወራን፤ ጅራቱ ቀስ እያለ ይፈታ ጀመር፤ ሻዩ ሳያልቅ ቀጥ ብሎ ወረደ። ለካ ሰውየው ቅቤ ቀብቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ነው ያሳደረው። ሐጂ «አብሽር፣ ውሻው ምንም አላጠፋም» ብለው ውሻውን አመስግነው ሸኙት። የሐራው ሰው እስከ ዛሬ ያለ ውሻ እየመጣ ይሰበሰባል።

ወንድሜም አባል ሆነ። የመጀመሪያውን ቀን ሳየው ልወጣ ተነሥቼ ነበር። ሐጂ «የሁለቱ ውሾች ጅራት አንድ ነው። አንዳችሁ ብትወጡ ማኅበሩ ነው የሚጎዳ» ብለው አስቀመጡኝ። እሱ ከአግዳሚው በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ ተቀመጥን። እንዲሁ ተቀምጠን ዓመት አለፈ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልለፍ። አጥራችን ሥር ቀዳዳ አለች። ወንድሜ ወደ ብርቱካኑ ሲገባ ማን ከለከለሽ በዚያች ሾልኮ እኔ ጋ ይመጣል። መጀመሪያ በድንጋይ ላባርረው ነበር፤ ከዚያ ዓይኑን ሳይ፣ የእኔው ውሻ ወንድም ነው፣ ምን አጠፋ? ጠቤ ከሰውዬው ነው። ከወጥ የተረፈ እንጀራ ጣል አደርግለት ጀመር። ጾም ሲገባ አጥንት የለም፤ ሽሮ የነካው እንጀራ ነበር የማቀርብለት፣ እሱም አብሮኝ ጾመ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

የዘንድሮው ዐቢይ ጾም ላይ የባሰው መጣ። የወንድሜ ልጅ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር መሆኑን ሰማሁ፤ ከሰው ሰማሁ። እኔ ልጅ የለኝም። ያቺ ልጅ ግን የወተት ጥርሷን የነቀለችው እኔ ደጅ ነው፤ ጥርሷን ጣሪያዬ ላይ ነው የወረወረችው። ወልድያ ሥራ ከያዘች በኋላ እንኳ ስትመጣ መጀመሪያ እኔ ጋ ነበር የምትወርደው፤ እኔና አባቷ ከተጣላን ጀምሮ ግን እሱን ፈርታ በስልክ ብቻ ሆነ። ስልክ ደወለችልኝና «አክስቴ፣ አባዬ ሳይጠራሽ እኔ እንዴት ልጥራሽ?» ብላ አለቀሰች። እኔ «አይዞሽ» አልኳት፤ ስልኩን ዘግቼ ግን ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እኛ ጋ ለእህት የጥሪ ወረቀት አይላክም። ወረቀት ለባዳ ነው። ለእህት «ጌሾ ልንወቅጥ ነው» ይባላል፣ በቃ፤ ሙቀጫዋን ይዛ ትመጣለች፣ ጠላው በእጇ ይጠነሰሳል። እኔም ያንን አንድ ቃል ነበር የምጠብቀው። ጎረቤት ሊያስታርቀን ሲሞክር «እሱ ይጥራኝ እንጂ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት አልሆንም» አልኩ። ወንድሜ ደግሞ «በሩ ክፍት ነው፣ ማን ከለከላት» አለ ተባለ። እዩ እንግዲህ፣ ከሰውም ጋር የውሻውን ስም ነው የሚያወራ።

በዚህ መሐል የማኅበራችን የውድድር ቀን ደረሰ፤ ተራው የመርሳ ነበር። የእግር ኳሱ ሜዳ ዙሪያውን በሰው ተሞላ። ጅራት ታየ፣ ደረት ተለካ፤ የመጨረሻው «ጥሪ» የሚባለው ነው። ውሾቹ ሜዳው ማዶ ከአባላቱ ጋር ይቆያሉ፤ ባለቤቱ በዚህኛው ጎል ቆሞ ሦስት ጊዜ በስሙ ይጣራል። ከስሙ ሌላ ቃል አይፈቀድም፤ «ና» የለ፣ ፉጨት የለ። ሐኪሙ ድምፅ ማጉያ ሰጥቶናል፤ የየቤታችን ነገር በሙሉ መርሳ ላይ እንዲሰማ ማለት ነው።

ሐጂ ወደ እኔ ዞረው «ተራሽ ነው» ሲሉ ሜዳው በሳቅ አለቀ። ሐጂም ቆይቶ ገባቸውና ፂማቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ሄጄ አንዴ «ተራዬ ነው» ብዬ ስጣራ ውሻዬ ጥይት ሆኖ መጣ። ሙሉ ነጥብ። ይዤው ተመልሼ ማዶ ከአባላቱ ጋር ተቀመጥኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ቀጥሎ ወንድሜ ነበር። ከጎሉ ሥር ቆመ፤ ውሻውን ከዚህ ማዶ ለቀቁለት። ማን ከለከለሽ አንድ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ አየር አሸተተ፣ ዞረና መጥቶ እግሬ ላይ ተኛ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወንድሜ «ማን ከለከለሽ» ብሎ ተጣራ። ውሻው ጅራቱን ነቀነቀ እንጂ አልተነሣም። ሐጂ አጠገቤ ቆመው ውሻውን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ቀስ ብለው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» አሉ። ፊቴ ሲቀላ ተሰማኝ። ሁለት ዓመት የደበቅኩት ሽሮ በአደባባይ ወጣ።

ሁለተኛውን ሲጣራ ድምፁ ተቆጣ፤ ሰዉም ሳቀ። ሦስተኛውን ለመጣራት ድምፅ ማጉያውን አነሣ። ከዚያ ማዶ ሆኖ ውሻው የት እንደተኛ አየ፤ እኔንም አየኝ። ውሻው ለምን እንደማይነሣ የገባው ያኔ ይመስለኛል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ልክ በልጅነታችን ተደብቄ ስቀርበት ይፈልገኝ በነበረበት ድምፅ፣ «ማን ከለከለሽ?» አለ።

የሜዳው ሰው አልሳቀም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስድብ ሆኖ የኖረው ቃል ጥያቄ መሆኑን ያን ቀን ሰማሁ። ለነገሩ ማን ከለከለኝ? አፌ ነው፣ ኩራቴ ነው። ተነሣሁ። የማን ከለከለሽን ገመድ በአንድ እጄ፣ የተራዬ ነውን በሌላው ይዤ ሜዳውን በመሐሉ አቋረጥኩት። ውሾቹ ደስ ብሏቸው ገመዳቸውን እርስ በርሱ እያጠላለፉ ነበር የሚሄዱት።

ሐጂ ከኋላዬ «ውሻው በራሱ አልመጣም፣ ሰው ነው ያመጣው። ዜሮ» ብለው ፈረዱ። አያዳሉም ብያለሁ።

ወንድሜ ገመዱን ከእጄ ተቀበለ። ፊቴን አላየም፤ የተጠላለፈውን መፍታት ጀመረ። ጢሙ ሸብቷል፤ አጥር ለአጥር ሆነን ይህን አላየሁም ነበር። ዓይኑን ከገመዱ ሳያነሣ፣

«ጌሾው ማክሰኞ ይወቀጣል» አለ።

«የእናንተ ሙቀጫ ስንጥቅ ነው» አልኩት። ሌላ ቃል ቢወጣኝ ማልቀሴ ነበር።

ማክሰኞ በጠዋት ሙቀጫዬን ተሸክሜ ዘነዘናውን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ገና ደጁ ሳልደርስ ወንድሜ ከግቢው ውስጥ «ማን ከለከለሽ» ብሎ ሲጣራ ሰማሁ። ውሻውን ይሁን እኔን አልጠየቅኩትም።

«አቤት» አልኩ።