በወተት የተባለው ክኒን

ታንጉት የኔታ ሃይለ ሚካኤልን ልትጠይቅ የሄደችው ዐሥር ሰዓት ላይ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ደማቸውን መርምራ ወባ ስላገኘችባቸው ሃያ አራት ክኒን ቈጥራ ሰጥታቸው ነበርና፣ ዛሬ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸዋለሁ ብላለች። እርሳቸው ግን መደብ ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። ክኒኑ ትራሳቸው ሥር ነው። አንድም አልጐደለም።

ታንጉት ከቡሬ ወዲህ ባለው ጤና ኬላ ከተመደበች ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ ወባም አብራ ትነሣለችና፣ በየመስከረሙ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆማ፣ “ያቈረ ውኃ አፍስሱ፤ አጎበሩን እህል አትሸፍኑበት፤ ትኩሳት ሲሰማችሁ በዚያው ቀን ኑ፤ ክኒኑን በወተት ዋጡት” ትላለች። በልጅነቷ ከዚያው ቅጽር ወይራ ሥር በስንደዶ እየጠቈሙ ፊደል ያስቈጠሯት እኒሁ የኔታ ናቸው።

“የኔታ፣ ምነው ሳይውጡት?”

“በወተት ነው ያልሽ። በጽጌ ጾም ወተት?”

“ለታመመ ይፈቀድ የለም ወይ?”

“ለሌላው እኔም እፈቅዳለሁ። ለእኔ የሚፈቅድልኝ ንስሓ አባቴ ነው፤ እሱም ፈረስ ቤት ከተማ ለቅሶ ሄዷል። እስኪመለስ ብዬ ነው።”

ታንጉት ፊቷ ጋለ። የሥልጠናው ወረቀት “በወተት ወይም ቅባት ባለው ምግብ” ይል ነበር። ሕዝቡ ቆሞ እንዳይደክመው ብላ ያሳጠረችው እርሷ ናት።

“እማማ አስካለ፣ ኑግ አለ?” አለች ወደ ባለቤታቸው ዞራ።

“ኑግማ መች ጠፍቶ።”

ወይዘሮ አስካለ ማርያም አመስ አድርገው፣ ወቅጠው፣ ለብ ባለ ውኃ በጠበጡት። “ይህም ቅባት ነው፣ የኔታ” አለች ታንጉት። “ጾምዎም አይፈርስም።”

“ታዲያ ይህን ቀድሞ መናገር ማን ከለከለሽ? ፊደል ስትቈጥሪም ‘ሐ’ን ዘለሽ ‘መ’ ላይ ትገቢ ነበር።”

የኔታ የአንድ ጊዜውን አራት ክኒን በኑጉ ዋጡ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሳቸው መድኃኒቱ ሥራ አልሠራምና ወደ ቡሬ ሆስፒታል መወሰድ አለባቸው፤ ከአስፋልቱ ላይ የመጨረሻው ባጃጅ ደግሞ ከዐሥራ ሁለት አያልፍም። ጎረቤታቸው ወንዳወቅ ቃሬዛውን አስሮ ሦስት ጎረምሶች ይዞ በር ላይ ቆመ።

ታንጉት የእጅ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በሃያኛው ደቂቃ የኔታ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። ወንዳወቅ አጎነበሰና ቃሬዛውን አነሣ። “ቆይ” አለች ታንጉት፤ ጀርባቸውን ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ። ግንባራቸው ላይ ላብ ተንጠባጠበ። ዋጡት፤ ደግመውም ዋጡ።

በአርባኛው ደቂቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደነገጠች።

“የኔታ፣ እኔ ማን ነኝ?”

“ሐን የዘለለችው።”

ሰዓቱ ሞላ። ወንዳወቅ ቃሬዛውን ሊፈታ ሲል፣ “እስኪነጋ እንደታሰረ ይቁም” አለችው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ዙር አጠገባቸው ሆና አዋጠቻቸው።

በሳምንቱ እሑድ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆማ፣ “ክኒኑን በወተት ዋጡት፤ ጾም ከሆነ በኑግ” አለች። የኔታ ከወይራው ሥር በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል።

“ድገሚው” አሏት። “ከኋላ ያሉት አልሰሙም።”