የአፍንጫዬ ቀጠሮ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሰው በዚህ ዕድሜ ስለ ጉልበቱና ስለ ደም ግፊቱ ያስባል፤ እኔ ያሰብኩት ስለ አፍንጫዬ ነው። ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ሳቁ መሃል ላይ ይቆምብኛል።

ደባርቅ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አፍንጫዬ ትልቅ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን መስታወት የሚያሳየው ፊት ለፊት ብቻ ስለሆነ ተቻችለን ኖርን። ጉድ የፈላው ዳባት፣ የጓደኛዬ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ምን እንደበደልኩት አላውቅም፣ ቀኑን ሙሉ በጎን ሲቀርጸኝ ውሏል። ቪዲዮውን ተሰብስበን ስናየው ከሙሽራዋ ጀርባ መጀመሪያ አፍንጫ ገባ፤ ቆየት ብዬ እኔ ተከትዬው ገባሁ። ማንም ምንም አላለም። ዝም ማለታቸው ነው ያናደደኝ።

አዲስ አበባ ባንክ የምትሠራ ሰላም የምትባል ልጅ አለችኝ። ደውዬ ስነግራት «እማ፣ ይሄ እኮ አሁን ቀላል ነገር ነው» አለችና ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሴቶችን ፎቶ ትልክልኝ ጀመር፤ በፊትና በኋላ። አንዷ በዕድሜ ከእኔም የምትበልጥ ትመስላለች። በሳምንቱ ሰላም ራሷ ቀጠሮ አስያዘችልኝ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሳይቀር አዲሱን አፍንጫዬን አስብ ነበር።

ፈቃድ ልጠይቅ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ።

«ምነው መምህርት፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«አፍንጫዬን ኦፕራሲዮን ልደረግ ነው» አልኩ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። «ሳይነስ ነው?» ሲለኝ ግን በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅኩ።

ደባርቅ ላይ የተነገረ ነገር ባለበት አይቀመጥም። ረፋድ ላይ ሳይነስ የነበረው፣ አብረውኝ የማርያምን ማኅበር የሚጠጡ ሴቶች ጋ ማታ ሲደርስ እባጭ ሆነ። ዳባት ሲደርስ ደግሞ ስሙን የማይጠሩት በሽታ ሆነ። ይህን ያወቅኩት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ከዳባት ደውላ ስታለቅስ ነው።

ከዚያማ ጠያቂው ጎረፈ። ቤቴ በእንቁላልና በማር ሞላ። ማኅበርተኞቼ ተሰልፈው ይቀመጡና አንድ ጊዜ አፍንጫዬን አየት አድርገው ዓይናቸውን ይሰብራሉ። አንዷ ደህና ከተመለስኩ ለማርያም ጃንጥላ ልታገባ ተሳለች። ሌላዋ እስክመለስ ድረስ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ላትቀምስ ቃል ገባች፤ እሷ ደግሞ ጨጓራዋን ያማታል። በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ያ ሁሉ ሰው እያዘነልኝ «መልክ ላሳምር ነው» ብዬ አፌን መክፈት አቃተኝ።

በመጨረሻ የንስሐ አባቴ መምሬ ፈንታ መጡ። ቢላዋ የሚነካው ሰው ሳይናዘዝ አይሄድም ብለው ነው። ሰው ሁሉ እንዲወጣ አድርገው «በይ ልጄ» ሲሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጺማቸውን እየዳሰሱ ሰሙኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ አየሁ።

«የአፍንጫሽን ነገር አንችና ሐኪሙ ታውቃላችሁ። ያች በጨጓራዋ የምትጾምልሽ ሴትዮ ግን ምን አደረገችሽ? ቀኖናሽ ይኸ ነው፤ እስከ እሑድ በራስሽ አፍ ትነግሪያቸዋለሽ።»

በማግሥቱ ሳልጠብቃቸው አክስቴ የሺ ከተፍ አሉ። የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ ከሰባ አልፏቸዋል። ወሬው እሳቸው የሚኖሩበት አምባራስ ድረስ ሄዶ ኖሯል። ገብስ የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍረው፣ አቧራ ለብሰው ነው የመጡት። ገና ከበሩ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አፍንጫዋን ሊቆርጡት ነው አሉኝ። እውነት ነው ልጀ?»

«እውነት ነው አክስቴ። ግን በሽታ የለብኝም።» እያፈርኩ ከሠርጉ ጀምሬ ነገርኳቸው።

«አያምሽም?»

«ምንም አያመኝም።»

«ተመስገን!» አሉና ገና ያኔ ተቀመጡ። «ታዲያ ምን በወጣው ታስቆርጭዋለሽ?»

«ትልቅ ነው እኮ። አያምርም።»

«ትልቅስ ትልቅ ነው» አሉ፤ ለይሉኝታ እንኳ አላስተባበሉም። «የወንድሜ እኮ ነው። እኔ በእናታችን ወጣሁ፤ ይኸን የያዘው እሱ ብቻ ነበር። እሱ ከሞተ ሃምሳ ዓመት አለፈው፤ አንዲት ፎቶ አልተነሳ። አሁን አሁን መልኩ እየጠፋብኝ ነው አንች። ገበያ ብየ እዚህ ድረስ የምመላለሰው ለምን ይመስልሻል? ጨውማ አምባራስም አለ።»

አባቴ ሲሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መልኩን አላውቀውም። አክስቴ ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ ሳይሆን ከጎኔ የሚቀመጡት አንድ ጆሯቸው ስለማይሰማ ይመስለኝ ነበር። አለቀስኩ። እሳቸው ግን አላለቀሱም፤ ነጠላቸውን አራገፉና «አትሂጅ አላልኩሽም» አሉኝ። «ፊቱ ያንችው ነው። ብቻ ከመሄድሽ በፊት ፎቶ ተነሽልኝ። በጎን።»

ያኑ ዕለት ተያይዘን ፎቶ ቤት ሄድን። አክስቴ ፀጉሬን በሻሽ ጠምጥመው ሸፈኑትና የራሳቸውን ጋቢ እንደ ወንድ ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ፎቶ አንሺው «ወደዚህ ይዙሩ እናቴ፣ ፈገግ ይበሉ» እያለ አስቸገረ። አክስቴ «ተው ልጀ፣ አንተ አፍንጫውን ብቻ አንሳልኝ» አሉት። ፎቶው ትልቅ ተደርጎ ታጠበ፤ ፍሬም ገባለት። አቅፈውት አይሱዙው ላይ ወጡ።

እሑድ ለማኅበርተኞቼ ተናዘዝኩ። የሳቁት ሳቅ ጎረቤት አስወጣ። ጿሚዋ ግን አልሳቀችም፤ ቀጥ ብላ ጓዳዬ ገባችና እንጀራ ይዛ ወጣች። የጃንጥላውን ስለት እኔው አስገባሁት።

ቀጠሮውን አራዘምኩት። ሰላም በየወሩ «እማ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች፤ እኔም «ትምህርት ይዘጋ» እላታለሁ። ትምህርቱ ተዘግቶ ተከፈተ። አፍንጫዬን አሁንም አልወደውም፤ ወደድኩት ብል ሌላ ንስሐ ያስፈልገኛል። ግን አልጠላውም፤ እንደ አደራ ዕቃ ነው የማየው።

ዘንድሮ መስከረም ላይ አክስቴን ልጠይቅ አምባራስ ሄድኩ። ፎቶው ግድግዳው ላይ ከማርያም ሥዕል ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። ተቀምጠን ስንጫወት አንድ በግ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ ገባ። ቀና ብሎ ፎቶውን አየና «ይኸ ማነው እማማ?» አላቸው።

አክስቴ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያሹ «ወንድሜ ነው፤ ድሮ ነው የሞተብኝ» አሉ።

ሰውየው ፎቶውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። «ነፍስ ይማር» አለ በሐዘኔታ። «ልጃቸው ቁርጥ እሳቸውን ናት።»

«አሜን» አልኩና እኔም ቀና ብዬ አየሁት። አባቴን ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።